ጾመኛው ማን ነው?

«ጾመኛ ነኝ» የምትለዋን አጭር ንግግር በረመዷን ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደምንናገራት ማን ቆጥሮ ያውቃል? ቡና ሲቀርብልን እንላታለን፤ ታክሲ ውስጥ ጠብ ሲጫርብን እንላታለን፤ አለቃችን ከቀትር በኋላ ሥራ ሲጨምርብን ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንላታለን። ሆኖም «ነኝ» ባዩ ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። ጾመኛው ሆዳችን ነው? ምላሳችን ነው? ወይስ ሆድንም ምላስንም የሚያዝ «እኔ» የሚባል ሌላ ነገር አለ? ጥያቄው የፈላስፎች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ለእኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ በአንድ የረመዷን ቀን ከዐስር በኋላ እናቴን ከማድቤት ወለል ላይ እስካነሳሁበት ጊዜ ድረስ።

እናቴ ስኳር በሽታ ካገኛት አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት የኖረችው በመርፌ ነው። ሐኪሟ መጾም እንደሌለባት ነግሯታል፤ እኛ ልጆቿም ነግረናታል፤ እሷም «እሺ» ብላናለች። «እሺ» ያለችን ግን ክርክሩ እንዲያበቃ ኖሯል። ለሱሑር አብራን እየተነሳች፣ ንጋት ላይ መርፌዋን እየተወጋች፣ ቀን ቀን ለብቻዋ የምትበላ መስላን አሥራ አራት ቀን ጾማለች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከሥራ ስመለስ ማድቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለሳምቡሳ የሚሆን ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። ላብ አጥምቋታል። ሰላም ስላት በሟቹ አባቴ ስም ጠራችኝ። እኔም (ይህን ስጽፍ አፍራለሁ) የምድጃው ሙቀትና ድካሙ ነው ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ስትወድቅ የሰማኋት ልብሴን በመቀየር ላይ ሳለሁ ነው። ጤና ጣቢያ ስንደርስ በደሟ ውስጥ የተለካው ስኳር 38 ነበር። ነርሷ ቁጥሩን አይታ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ተመለከተችንና ምንም ሳትናገር ግሉኮሱን ለማዘጋጀት ዞረች።

በማግስቱ «እማዬ፣ ለምን ዋሸሽን?» አልኳት።

«የዋሸሁት እናንተን ነው እንጂ ጌታዬን አልዋሸሁም» አለችኝ። ትንሽ ቆይታም «ልጄ፣ አርባ ዓመት የጾምኩትን ጾም ይቺ ብልቃጥ ታስተወኝ? ከተጎዳም የሚጎዳው የኔ ገላ ነው። ለአላህ ብዬ ነው የሰጠሁት» አለች።

ይህን መልስ «አላዋቂነት ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ዳሩ ግን አላዋቂነት አይደለም። እናቴ ለጾም ያላትን ፍቅር አውቃለሁ። ዒባዳ ያለ ችግር እንደማይገኝ፣ ረሃቡም ሊሰማን የሚገባ ነገር እንደሆነ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ታዲያ ለጤነኛው ረሃብ ትዕግሥት ከተባለ ለበሽተኛው ምን አዲስ ነገር መጣ? ድንበሩ ያለው የት ላይ ነው? ይህን ለመመለስ የሥነ ምግባር መጻሕፍትን ከማገላበጣችን በፊት በጾም ቀን ከቆዳችን በታች የሚካሄደውን ነገር ማየት ይኖርብናል።

በአዲስ አበባ የጾሙ ቀን አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሱሑር ላይ የበላነው እንጀራ በጨጓራ ታሽቶ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርድና እዚያ ተሰባብሮ ግሉኮስ ወደሚባለው ስኳር ይለወጣል፤ ከዚያም የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል። ይህ ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። አስቀድሞ ዕቃ በጉምሩክ እንደሚያልፍ ሁሉ በጉበት በኩል ያልፋል። ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመው ቆሽት ደግሞ የስኳሩን መምጣት አውቆ ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ይለቃል። ኢንሱሊን ለጡንቻና ለስብ «ተቀበሉ»፣ ለጉበት ደግሞ «አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ነው። ጉበትም ከዚህ ስኳር 100 ግራም የሚያህለውን ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጎተራው ያኖራል።

እዚህ ላይ አንድ ሊያስደንቀን የሚገባ ነገር አለ። በአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዘዋወረው ስኳር በሙሉ ቢሰበሰብ ከ4 እስከ 5 ግራም ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው! አንጎላችን ደግሞ ከክብደታችን መቶ እጅ ሁለቱን ብቻ የሚይዝ ሆኖ ሳለ ሰውነታችን ዕረፍት ላይ እያለ ከሚያወጣው ኃይል ሃያ በመቶ ያህሉን ለብቻው ይበላል። በቀን 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈልጋል፤ ሲካፈል በሰዓት 5 ግራም ይሆናል። እንግዲህ ያቺን የሻይ ማንኪያ የሚሞላላት ባይኖር አንጎል ብቻውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨርሳታል ማለት ነው። ማንኪያዋ ግን አታልቅም። ከሱብሒ እስከ መግሪብ ሳትጎድልም ሳትፈስም ትቆያለች።

የሚሞላት ማን ነው? ጉበት ነው። ሱሑር ከተበላ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የደም ስኳር ዝቅ ማለት ሲጀምር ቆሽት ኢንሱሊኑን ይቀንስና ግሉካጎን የተባለውን ሌላ መልእክተኛ ይልካል። ይህኛው ደግሞ ጉበትን «ጎተራህን ክፈት» ይለዋል። ጉበት ይህን ሥራ እንደሚሠራ ያረጋገጠው ክሎድ በርናር የተባለ የፈረንሳይ ሳይንቲስት ነው። ነገሩ ከታወቀ ገና ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም። ከዚያ በፊት የጾሙት ሁሉ፣ ነቢያትም ሳይቀሩ፣ ጉበት ባለበት እንጂ ስለ ጉበት በማወቅ አልጾሙም።

ጎተራው እየሳሳ ሲሄድ ጉበት ከጡንቻ ከሚመጣ ተረፈ ምርትና ከስብ ከሚለቀቅ ግሊሰሮል አዲስ ስኳር ይሠራል። (ጡንቻ ራሱ ከጉበት የሚበልጥ ግላይኮጅን አለው፤ ነገር ግን ወደ ደም መልሶ የሚሰጥበት መንገድ የለውም። ለራሱ ብቻ የሚያከማች ሀብታም ነው።) ልብና ሌሎቹ ጡንቻዎች ደግሞ ስኳሩን ለአንጎል ትተው ስብ ማንደድ ያዘወትራሉ። ኩላሊትም በበኩሉ በቀን 180 ሊትር የሚያህል ፈሳሽ ከደም አጥልሎ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር የምትሆነዋን ብቻ የሚያስወጣ ነው። በጾም ቀን አንጎል የውሃውን ማነስ ተረድቶ ሆርሞን ሲልክለት መልሶ የሚወስደውን ውሃ ይጨምራል። ከዐስር በኋላ ሽንታችን የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። ልብም በዚያን ቀን ልክ እንደ ሌላው ቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል።

ታዲያ «ጾመኛ ነኝ» ስንል ማን ነው የጾመው? ጨጓራ በመጠኑ አርፏል። ምላስ ተከልክሏል። ጉበት ግን አልጾመም፤ ቆሽት አልጾመም፤ ኩላሊት አልጾመም። እኛ የምንጾመው እነሱ በእጥፍ ስለሚሠሩልን ነው። ጾም የአንድ ሰው ኒያ ሲሆን ሸክሙን የሚሸከሙት ስማቸውን እንኳ የማንጠራቸው ብዙዎች ናቸው።

አሁን ወደ እናቴ እንመለስ። በእሷ ሰውነት ውስጥ ቆሽት ሥራውን አቁሟል ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ደክሟል። የሚተካው መርፌው ነው። ኢንሱሊን በ1921 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ በባንቲንግና በቤስት ጥረት ከተገኘና በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ከተሰጠ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ከሞት አትርፏል። የአላህ ትልቅ እዝነት ነው። ነገር ግን በመርፌ የገባ ኢንሱሊንና ቆሽት የሚለቀው ኢንሱሊን አንድ ልዩነት አላቸው። ጤነኛ ቆሽት የደሙን ስኳር እያየ በየደቂቃው ይጨምራል፣ ይቀንሳል። መርፌው አያይም። ከቆዳ ሥር አንዴ ከገባ በኋላ «ዛሬ ባለቤቴ ጾመኛ ናት፣ ልመለስ» አይልም። መርፌ ጾም አያውቅም። ጎተራው ተከፍቶ ስኳር ሊወጣ በሚገባው ሰዓት እሱ «አስቀምጥ» እያለ ያዛል። ያቺ የሻይ ማንኪያ መጉደል ትጀምራለች።

መጀመሪያ ከኩላሊት አናት ላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ድው ድው ማለት የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ የድረሱልኝ ጩኸት ነው። ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ጩኸቱ ይጀምራል፤ ከ54 በታች ሲሆን አንጎል ራሱ መራብ ይጀምርና ሰውየው ይደናገራል፤ ስም ይቀያይራል፤ ሲብስም ይወድቃል። በሽታው የቆየባቸው ሰዎች ዘንድ ደግሞ ጩኸቱ እየደከመ ይሄዳል፤ ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ውድቀቱ ይመጣል። «እንግዲያው መርፌውን ተወት አድርጎ መጾም ነዋ!» የሚል ይኖራል። ይህ ከፊተኛው አይሻልም። ኢንሱሊን ከሌለ ስኳር በደም ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሴሎች ይራባሉ። ኩላሊት ትርፉን ስኳር በሽንት ሲያስወጣ ውሃውን አብሮ ይዞት ይወጣል፤ ጉበት ስብን እየሰባበረ ደምን አሲድ ያደርገዋል፤ ሳንባም አሲዱን በትንፋሽ ለማስወጣት በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ ይጀምራል። እዚህ ላይ የሳንባን ደግነት ተመልከቱ፤ የቆሽትን ዕዳ ሊከፍል ይታገላል! ብቻውን ግን ለብዙ ጊዜ አይችለውም።

ከዚህ ተነስተን የእናቴን ጥያቄ እንመልከት። በጤነኛው ረሃብና በእሷ ረሃብ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ልዩነት አይደለም። ጤነኛው ሲራብ ረሃቡን የሚሸከምበት አካል ተሰጥቶታል፤ ችግሩም ትዕግሥት ይባላል። ለእሷ ግን የጎደለው ትዕግሥት አይደለም። የጎደለው መሸከሚያው ነው። አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው መስጊድ መጥቶ ተቀምጦ ሲሰግድ «ኢማኑ ደከመ» ያለው ማን ነው? ማንም የለም። እንዲያውም ቦታ እንለቅለታለን። ቆሟል ብለን የማንጠብቀው እግሩ እንደሌለ ስለምናይ ነው። የእናቴ ቆሽት ግን አይታይም። ጉልበቷ ደህና ነው፤ ፊቷ ደህና ነው፤ ገበያ ትወጣለች፤ ከጎረቤት ጋር ትስቃለች። ይህች ሴት በረመዷን ቀን ውሃ ስትጠጣ ያያት ሰው ምን ይላል? የሚታየውን ጉድለት ይቅር የምንል ሰዎች የማይታየውን እንዳልነበረ እንቆጥረዋለን። በሽተኛውም ይህንን ስለሚያውቅ ከበሽታው ይልቅ እኛን ይፈራል።

«የኔ ገላ ነው፣ ሰጠሁት» የሚለውስ? በዘመናችን «ሰውነቴ የራሴ ነው፣ ያሻኝን አደርግበታለሁ» የሚል አስተሳሰብ ከየአቅጣጫው ይሰማል። እኛ ይህን ስንሰማ እንቆጣለን። «ሰውነቴን ለአላህ ሰጠሁ፣ ቢጎዳም ይጎዳ» የሚለውን ስንሰማ ግን ልባችን ይርዳል። ሁለቱ ንግግሮች ግን ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሰውነቱ የተናጋሪው ንብረት ነው ከሚል ይነሳሉ። ሰው የራሱ ያልሆነውን ነገር እንዴት ይሰጣል? በአደራ የተቀመጠብኝን ገንዘብ ለባለቤቱ «ስጦታ ይዤልህ መጣሁ» ብለው ይስቅብኛል። ጎድሎና ተበላሽቶ ባመጣው ደግሞ አይስቅም።

ሰውነት አደራ ስለመሆኑ ከራሱ ከሰውነት የበለጠ ምስክር የለም። ለመሆኑ ከመካከላችን ጉበቱን አንድ ቀን ያዘዘ ማን አለ? ትናንት ሌሊት ተኝተን ሳለ ስንት ግራም ስኳር እንደለቀቀ የሚያውቅ ማን ነው? ልብ ያለ ፈቃዳችን ይመታል፤ ኩላሊት ሳንጠይቀው ያጠልላል። ትንፋሽን እንኳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የምንይዘው፤ ከዚያ በኋላ በግድ ይነጠቀናል። ልናንቀሳቅሰው የማንችለውን ልናበላሸው ግን እንችላለን። ይህ የባለቤት ሥልጣን አይደለም፤ የዘበኛ ሥልጣን ነው። ዘበኛ መጋዘኑን አልሠራውም፤ በሩን ክፍት ትቶ ግን ሊያዘርፈው ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ማንሳት እወዳለሁ። በደማስቆ አካባቢ ተወልዶ በካይሮ የሠራውና በ1288 (እ.ኤ.አ.) የሞተው ኢብኑ ነፊስ፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ሳይሆን በሳንባ በኩል ዞሮ እንደሆነ ጽፏል። ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ሲታመንበት የኖረውን የጋሌንን ትምህርት «ግድግዳው ቀዳዳ የለውም» ብሎ ነው የተቃወመው። በኛ ጋዜጦች ይህን ሰው የምናነሳው «ከአውሮፓውያን ቀደምን» ለማለት ነው። እኔን ግን የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። ኢብኑ ነፊስ ሐኪም ብቻ ሳይሆን የሻፊዒይ መዝሀብ ፈቂህም ነበር፤ በካይሮ ፊቅህ አስተምሯል። በእሱ ራስ ውስጥ ሐኪሙና ፈቂሁ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ዛሬ በኛ ከተማ አንዲት በሽተኛ ከሐኪሟ «አትጹሚ» ተብላ ትወጣና ጎረቤቷ «ሐኪም ምን ያውቃል፣ አንቺ ተወከይ» ይላታል። ወደ ሸኽ ብትሄድ ግን ሸኹ መልሶ ወደ ሐኪሟ ይልካት ነበር፤ ዑለማዎች በዚህ ጉዳይ የታማኝ ሐኪምን ቃል መሠረት አድርገዋልና።

የቁርኣኑ ፈቃድ ግልጽ ነው፤ የታመመና መንገደኛ የሆነ ሰው አፍጥሮ በሌሎች ቀናት እንዲከፍል፣ መዳኑ ተስፋ የማይደረግለትም ለእያንዳንዱ ቀን ድኻ እንዲያበላ ዑለማዎች አብራርተውታል። የስኳርን ጉዳይ በተለይ ያዩትም አሉ። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ2009 (እ.ኤ.አ.) በሻርጃ ባደረገው ጉባኤ ከሐኪሞች ጋር ተመካክሮ ስኳር በሽተኞችን በአራት ደረጃ ከፍሏል። ከፍተኛ ጉዳት የሚያሰጋቸው ሁለቱ ክፍሎች መጾም የለባቸውም፤ ቀሪዎቹ በሐኪም ምክር ሊጾሙ ይችላሉ። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሁሉ ያፍጥር ማለቴ አይደለም። በምግብና ሜትፎርሚንን በመሰለ መድኃኒት ብቻ በሽታውን የያዘ ሰው ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት አስተካክሎለት በደህና ሊጾም ይችል ይሆናል። ትንሽ ራስ ምታት ባመመው ቁጥር ሩኽሷ የሚፈልግም በመካከላችን አለ፤ እሱ ራሱን ያውቃል። ይኸው አካዳሚ በ1997 ጂዳ ላይ፣ ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም እንደማያበላሽ፣ ለምርመራ ደም መስጠትም እንደማያፈርስ ወስኗል። ይህን የማያውቁ ስንቶች ናቸው ጣታቸውን ወግቶ መለካት ጾም ያፈርሳል ብለው ስኳራቸውን ሳያዩ የሚውሉት! እናቴም አንዷ ነበረች። ብትለካ ኖሮ ቁጥሩ ቀድሞ ይነግራት ነበር።

ነገሩ የአንድ ቤት ነገር እንዳይመስለን። ሐኪሞች በ2001 (እ.ኤ.አ.) ረመዷን ላይ በ13 አገሮች 12,243 ስኳር በሽተኛ ሙስሊሞችን አጥንተው ነበር፤ አገራችን ከነዚህ መካከል አልነበረችም። ከመጀመሪያው ዓይነት ስኳር በሽተኞች መቶ እጅ 43ቱ፣ ከሁለተኛው ዓይነት ደግሞ 79ኙ ቢያንስ አሥራ አምስት ቀን ጾመዋል። በረመዷን ውስጥ እጅግ ዝቅ ባለ ስኳር መጎዳት በመጀመሪያዎቹ ከሌላው ጊዜ 4.7 እጥፍ፣ በሁለተኞቹ 7.5 እጥፍ ጨምሯል። ከእነዚህ ውስጥ እንደ እናቴ ለቤተሰባቸው «እሺ» ያሉት ስንት እንደሆኑ አልተቆጠረም።

አቡ ዳውድ ከዘገቧቸው ሐዲሦች አንዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። መንገደኞች ነበሩ። አንደኛው ራሱን በድንጋይ ተመታና ቆሰለ፤ ሌሊት ደግሞ የገላ ትጥበት ግዴታ ሆነበት። ባልደረቦቹን ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ብሎ ጠየቃቸው። ውሃ እያለ ፈቃድ የለህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሩን ሲሰሙ ክፉኛ ተቆጡ። ቁጣቸው ታዲያ በሟቹ ላይ አልነበረም። ሳያውቁ በፈረዱት ላይ ነበር፤ ባያውቁ እንኳ መጠየቅ ይገባቸው ነበርና። እኔ ይህን ሐዲሥ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜም ራሴን ያስቀመጥኩት ከቆሰለው ሰው ጋር ነበር። አሁን ግን ከባልደረቦቹ መካከል እንዳልሆን እፈራለሁ። እናቴን «ጹሚ» ብዬ አላውቅም፤ በፍጹም። ግን በረመዷን ቀትር ላይ ምግብ አቅርቤላትም አላውቅም። «አትጹሚ» ብያት ወደ ሥራዬ ሄጃለሁ። ግቢያችን ውስጥ ስድስት ቤተሰብ አለ፤ ማድቤቱ የጋራ ነው፤ ሕፃናቱ ገና በሰባት ዓመታቸው ግማሽ ቀን ጾመው በየበሩ የሚፎክሩ ናቸው። በዚህ ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሐጃ እኩለ ቀን ላይ ወጥ ታሙቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቤበት አላውቅም ነበር። ረሃቡን ትችለዋለች። ያቃታት መብላቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ረሃብን መቻል እኛ እንደምናወራው ከባድ አይደለም። አብሮን የሚራብ ሞልቶ፣ መግሪብ ላይ ሳምቡሳውና ሙሽበኩ ተደርድሮ፣ ቀን የተቀነሰውን ማታ በእጥፍ እየመለስን (ጉበታችን ይህንንም ዝም ብሎ ይችላል) እንጾማለን። አብሮ መራብ ደስ ይላል። ከዚያ ማኅበር ለብቻ ወጥቶ፣ ሰዎች ሊያዩህ እንደሚችሉ እያወቅህ፣ «ለዚህ ቀን የታዘዝኩት መብላትን ነው» ብሎ ቁራሽ ወደ አፍ ማንሳት ግን ነፍስን ይጎዳል። ይዩልኝ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ በመብዛት አይመጣም፤ አንዳንዴ ማፍጠርን በመደበቅ ይመጣል። እናቴ ይህን ስላት ተቆጥታኝ ነበር። «እኔ ለሰው ብዬ ጾሜ አላውቅም» አለችኝ። ልክ ናት፤ ለሰው ብላ አልጾመችም። እንዳትበላ የያዛት ግን የሰው ዓይን ጭምር ነበር። ይህን ከሳምንት በኋላ ራሷ ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ረመዷን አልፏል። ለእያንዳንዱ ቀን የሚሆነውን የፊድያ እህል ሸዕባን ውስጥ በጆንያ ገዝታ፣ ማን ዘንድ እንደሚደርስም ራሷ መርጣ አዘጋጀች። እኔና እህቴ ደግሞ ምሳዋን በተራ ለማቅረብ ተስማማን። በመጀመሪያው ቀን ተራው የኔ ነበር። ከሥራ አስፈቅጄ መጣሁ። ሽሮውን አሙቄ፣ መለኪያውን አጠገቧ አድርጌ፣ እጇን አስታጠብኳት። የግቢው ሕፃናት በበሩ ፊት ለፊት ኳስ ይጫወታሉ።

«በሩን ዝጋው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይሞቃል፤ ክፍት ይሁን።»

ዝም አለች። አንዱ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ ሞሰቡን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ። «ሐጃ፣ ጾመኛ አይደሉም እንዴ?» አላት።

እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «አይደለሁም፤ ታምሜያለሁ» አለችው። ልጁ «አላህ ያሽርዎት» ብሎ ኳሱን አንስቶ ሮጠ። ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች። ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልላ ከልማዷ የተነሳ ወደኔ አፍ ዘረጋችና ትዝ ሲላት እጇን መለሰች።

«ራበህ?» አለችኝ።

«በጣም።»

«በል እንግዲያው ፊትህን ወዲያ አዙር» አለችና እየሳቀች በላች።